የማን ጎረቤት ነህ?

ስለ አንጎል የሽቦ ካርታ በአምቦ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ጥያቄው ግን በፈለጋችሁት ቋንቋ ይሁን። ጉደር ላደገ ሰው አማርኛም ኦሮምኛም የቤት ቋንቋ ነው።

ጠዋት ከአዲስ አበባ ስመጣ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ሆለታ ሳንደርስ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ አላወቁትም። የአያቴን ስጨምርላቸው ትንሽ አሰቡና «ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የነበሩት ናቸው?» አሉ። አዎ አልኩ። ከዚያ አክስቴ ለማን እንደተዳረች፣ አጎቴ የት እንደሚኖር አጣሩ። አዲስ ዓለም ላይ ከቆሏቸው አካፈሉኝ። ምን እንደምሠራ፣ ምን እንደተማርኩ አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ምን ያደርግላቸዋል? አውቀውኛላ!

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከእሳቸው ጥያቄ አይወጣም። አንጎልን የሚያጠኑ ሰዎች አንዲትን የነርቭ ሕዋስ ለማወቅ ሲፈልጉ ዞረው ዞረው የሚጠይቋት ይህንኑ ነው፤ የማን ጎረቤት ነሽ? ከማን ትሰሚያለሽ? ለማንስ ትነግሪያለሽ? መልኳን በማጉያ መሣሪያ ካዩት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መልኳ ብቻውን ግን ሥራዋን አይናገርም። ዓይን ያየውን የምትሰማ ሕዋስ ስለ ማየት ትሠራለች፤ ለእግር ጣት ትእዛዝ የምታደርስ ስለ መራመድ ትሠራለች።

የሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ወይም ከአራት መቶ ግራም ቢሆን ነው። ውስጡ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዷ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ መቀበያና አንድ ረጅም ክር አላት፤ እኔ ዛሬ ያንን ክር «ሽቦ» እለዋለሁ። የሽቦው ጫፍ ከሌላዋ ሕዋስ ጋር ተገናኝቶ አይጣበቅም። መካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ፤ ሲናፕስ የሚሉት ይህን መገናኛ ነው። መልእክቱ እዚያ ሲደርስ በኬሚካል ይሻገራል። ጎረቤታሞች ግድግዳ ሳይጋሩ በአጥር ላይ እሳት እንደሚቀባበሉት ማለት ነው።

ይህ ዛሬ ቀላል ይመስላል እንጂ ያጣላ ነገር ነበር። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1873 ሕዋሳትን በብር ጨው የሚያጠቁር ዘዴ አገኘ። እሱ ያየው አንድ ወጥ መረብ ነበር። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የዚያኑ የጎልጂን ዘዴ ይዞ ሲመለከት፣ እያንዳንዷ ሕዋስ የራሷ አጥር ያላት ሆና አገኛት። በ1906 የኖቤል ሽልማቱን ሁለቱም ተካፈሉ፤ ጎልጂ በሽልማቱ ንግግሩ ላይ ሳይቀር የካሃልን ሐሳብ ተቃወመ። ትክክለኛው ካሃል ነበር፤ ያለ ጎልጂ ቀለም ግን ምንም አያይም ነበር።

መልእክቱ በምን ይሄዳል? የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም ይላል። ነርቭም በእነዚሁ ነው የሚሠራው። ሶዲየም ወደ ሕዋሷ ዘው ሲል፣ ፖታሲየም ተከትሎ ሲወጣ፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሽቦው ላይ ይሮጣል። ጫፉ ጋ ካልሲየም ገብቶ የኬሚካሉን ከረጢት ያስከፍታል። ይህን ስላልኩ አምቦ ውሃ የጠጣ ሁሉ ፈተና ያልፋል ማለቴ አይደለም፤ ፋብሪካውም ለዚህ ንግግር አልከፈለኝም። ፈጣኑ ሽቦ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ያደርሳል። በዚህ ፍጥነት ከአምቦ አዲስ አበባ በ16 ደቂቃ ይገባል፤ የቡራዩን መጨናነቅ የሚያውቅ ሰው ይቅና።

እንግዲህ ወደ ካርታው እንሂድ። የአንድን እንስሳ ነርቮች በሙሉ፣ ማን ከማን እንደሚገናኝ አንድም ሳይቀር መመዝገብ ይቻላል ብሎ የተነሳው ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ሲድኒ ብሬነር ነው። ካምብሪጅ ተቀምጦ የመረጠው እንስሳ አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ትል ነበር። ትሉ 302 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ አሉት። ባልደረቦቹ ትሉን ከፀጉር ከሺህ ጊዜ በላይ በቀጠነ ልክ እየሸረፉ፣ እያንዳንዱን ሽራፊ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ እያነሱ፣ የእያንዳንዱን ሽቦ መንገድ ከፎቶ ወደ ፎቶ በእጅ እየተከተሉ ከአሥር ዓመት በላይ ደከሙ። ኒኮል ቶምሰን ሸረፈ፤ አይሊን ሳውዝጌት የምትባል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ቀን ከቀን ሽቦ ተከተለች፤ ጆን ዋይት አቀነባበረው። በ1986 ሲታተም ከ300 ገጽ በላይ ሆነ። እኔ ስለ ሳይንስ ጀግንነት ሳስብ ትዝ የምትለኝ ሳውዝጌት ናት። በእኛ አገር ጥጥ የፈተለ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ሙሉ ካርታ አልመጣም። ፍራንሲስ ክሪክ፣ ያ የዲኤንኤው ክሪክ፣ በ1979 የአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር አንጎል ሽቦ በሙሉ ይታወቅልን ብሎ መጠየቅ የማይሆነውን መመኘት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. የአንዲት ዝንብ አንጎል በሙሉ ተሠርቶ ወጣ። ከጠጅ ብርሌ አፍ ላይ አልሄድም የምትለዋ፣ ሙዝ ሲበሰብስ ከየት እንደመጣች የማትታወቀዋ ያቺ ትንሿ ዝንብ ናት። 139,255 የነርቭ ሕዋሳትና 50 ሚሊዮን ያህል መገናኛዎች ተቆጠሩባት። ሽቦውን የተከተለው ኮምፒውተር ነው፤ ስህተቱን ያረሙት ግን ሰዎች ናቸው። እርማቱ ብቻ አንድ ሰው ቢሠራው ከ30 ዓመት በላይ ይፈጅበት ነበር። ከአራሚዎቹ መካከል ሳይንቲስት ያልሆኑ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ።

በሚያዝያ 2025 ደግሞ ክሪክ የማይሆን ያለው ሆነ። ከአይጥ አንጎል የተቆረጠች አንዲት ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል፣ ካርታዋ ታተመ። በዚያች ቅንጣት ውስጥ 84 ሺህ ያህል የነርቭ ሕዋሳት፣ 523 ሚሊዮን መገናኛዎችና ተዘርግቶ ቢለካ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሽቦ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ሄዳችሁ አንዲት ንብ ብትመለከቱ፣ የዚያች ንብ ሙሉ አንጎል መጠኑ ከዚች የአይጥ ቁራጭ ብዙም አይለይም። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዋሳት ጠቅጥቃበታለች። በዚያ ነው አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ለእኅቶቿ የምትነግረው። ካርል ፎን ፍሪሽ ይህን ጭፈራ ፈትቶ በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የንብ ሙሉ የሽቦ ካርታ ገና አልተሠራም፤ የሚሠራበት ቀን ሲመጣ የእኛ ንቦች ወረፋ ውስጥ ቢገቡ ደስ ይለኛል።

የሰውስ? በ2024 የሃርቫርድና የጉግል ባለሙያዎች ከአንዲት የሚጥል ሕመም ካለባት ሴት በቀዶ ጥገና ጊዜ የወጣ፣ ይህንኑ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር የሚያክል ቁራጭ አሳተሙ። 57 ሺህ ሕዋሳት፣ 150 ሚሊዮን መገናኛዎች ነበሩበት። ምስሉ 1,400 ቴራባይት ሆነ። 64 ጊጋባይት በሚይዝ ስልክ ላስቀምጠው ብትሉ 22 ሺህ ያህል ስልክ ያስፈልጋችኋል፤ ይህም ለአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉው አንጎል ከዚህ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። በጋዜጣ «የሰው አንጎል ካርታ ተጠናቀቀ» የሚል ርዕስ ባያችሁ ጊዜ እንግዲህ ይህን ስሌት አስታውሱ። እኔ በእድሜዬ አያለሁ ብዬ አልጠብቅም።

ሆኖም የሕያው ሰውን ሽቦ በሩቁ ማየት ይቻላል። ኤምአርአይ የሚባለው መሣሪያ አንጎል ውስጥ ያለው ውሃ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። ጥቁር አፈር ላይ በሬ ያረሰበትን ማሳ ዝናብ ሲመታው ውሃው ትልሙን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ትልሙን አቋርጦ አይሄድም። አንጎል ውስጥም ውሃ በሽቦዎቹ ጥቅል ርዝመት ይቀለዋል፤ በጎን ይከብደዋል። መሣሪያው የውሃውን ዝንባሌ አይቶ ትልሙ ወዴት እንደሚሄድ ይገምታል። ይህ ዘዴ አንዲትን ሽቦ አያይም፤ ዋና ዋና መንገዶችን ብቻ ያያል፤ ከአውሮፕላን መንገድ እንደማየት ነው። «ኮኔክቶም» የሚለው ቃል፣ የአንጎል የግንኙነት ካርታ ማለት ነው፣ የተወለደው በ2005 ነው። ኦላፍ ስፖርንስና ፓትሪክ ሃግማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ዓመት አንዱን ስም አወጡለት።

መንገድ ካልኩ አይቀር የምዕራብ ሸዋን መንገድ ወረቀት ላይ እንሣለው። ከአዲስ አበባ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ፣ ነቀምቴ፤ ይህ ግንዱ ነው። ከጊንጪ ወደ ጀልዱ፣ ከጌዶ ወደ ፊንጫአና ሻምቡ ቅርንጫፍ ይወጣል። ከተማውን ነጥብ፣ መንገዱን መስመር አድርጉና ሌላውን ሁሉ አጥፉት፤ ተራራውን፣ የሁሉቃን ወንዝ፣ የጉደርን ፏፏቴ እንኳ። የቀረው ነጥብና መስመር ብቻ ነው። የሂሳብ ሰዎች «ኔትወርክ» የሚሉት ይህን ነው። ብዙ ነገር የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀድሞ የማይታይ ነገር ይታያል።

ወሊሶ ያለ ዘመድ ለመጠየቅ አስቡ። አምቦም ወሊሶም ከአዲስ አበባ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃሉ፤ አንዱ በነቀምቴ፣ ሌላው በጅማ መንገድ። በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድ 230 ኪሎ ሜትር ነው። በወንጪ በኩል ያለው መንገድ ግን የዚህን ሲሶ ቢሆን ነው። በካርታው ላይ አንዲት መስመር ጨመርን፤ ሁለት አገር ተገናኘ። ዋትስና ስትሮጋትስ የሚባሉ ሰዎች በ1998 ይህን ነገር በሂሳብ አሳዩ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ሰፈር ላይ ጥቂት አቋራጮች ስትጨምሩ ዓለሙ ሁሉ ይጠባል። ካጠኗቸው ሦስት መረቦች አንዱ የብሬነር ትል ነበር። በትሉ ውስጥ ከአንዷ ሕዋስ ወደ ሌላዋ ለመድረስ በአማካይ ሦስት እርምጃ እንኳ አይሞላም። የእኛም አንጎል እንዲሁ ነው የተሠራው፤ አብዛኛው ሽቦ አጭርና የሰፈር ነው፤ ረጅሙ ጥቂት ነው። ሽቦ ዋጋ አለው፤ አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ሆኖ ከጉልበታችን ከመቶ 20 እጅ ይበላል። መንገድ ሠሪው መሥሪያ ቤት ያለበት ጭንቀት አንጎልም አለበት።

ሁለተኛው በካርታው የሚታየው ነገር መናኸሪያ ነው። ነጥቦቹ እኩል አይደሉም፤ ብዙ መስመር የሚያርፍባቸው ጥቂቶች አሉ። ስፖርንስና ቫን ደን ሁቨል በ2011 የሰው አንጎል ውስጥ ያሉት መናኸሪያዎች ከሌላው ይልቅ እርስ በእርሳቸው በብዛት እንደሚያያዙ አሳዩ፤ ባለጸጎች የራሳቸውን ዕድር እንደሚያቋቁሙት። ይህ ጥቅም አለው፤ ወሬ ቶሎ ይዳረሳል። ጉዳትም አለው፤ መናኸሪያ ሲታወክ ችግሩ እዚያው አይቆምም። በእርጅና ጊዜ ትዝታን በሚያጠፋው የአልዛይመር በሽታ፣ አሚሎይድ የሚባለው ዝቃጭ ቀድሞ የሚከማቸው በእነዚህ መናኸሪያዎች ላይ ሆኖ ተገኝቷል። መንገድ ሲዘጋ ማን ምን እንደሚሆን ለአምቦ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ስለዚህ አልገፋበትም።

መናኸሪያ ግን ሲፈጠር መናኸሪያ ሆኖ አይፈጠርም። አጼ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ እንጨት ስላጠራት፣ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ መንገድም ተሠራ። በኋላ ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ቀረች። ቤተ መንግሥቱም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዛውንቱ ቆሎ ያካፈሉኝ እዚያች ከተማ ላይ ነው፤ ትንሽ ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ መንገድ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነበር። የሕፃን አንጎልም መጀመሪያ ከሚፈልገው በላይ መገናኛ ያበቅላል፤ የተመላለሱበት ይጸናል፤ ያልተመላለሱበት ይከስማል።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ ክፍል ልግባ፤ ሽቦ ሲበጠስ።

ጊንጪ አካባቢ ያለውን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ጫማ ከእግር የሚነጥቀውን፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቀውን። ዝናቡ ካበቃ በኋላ በቀረው ርጥበት ብቻ ከሚበቅሉት አንዱ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅም ውሃ የተኛበት መሬትም አይበግረውም። ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ሌላው እህል ሁሉ ሲጠፋ እሱ ይቀራል። ሰው ሌላ አጥቶ ለወራት ጓያን ብቻ ሲበላ፣ አንድ ቀን ባቱ ይኮማተራል፤ ከዚያ እግሮቹ ይደርቃሉ፤ እንደ መቀስ እየተጠላለፉ በጣት ጫፍ ይራመዳል፤ ምርኩዝ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚመታው ወጣትና ጉልበተኛ ወንድ ነው። የተሰበረው አይመለስም፤ ግን ደግሞ ዓመት ከዓመት አይብስበትም።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በጎንደር ደምቢያና ፎገራ ቤት ለቤት አጥንተዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽም በወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ጓያ እንደሚሰብር ያውቃል፤ ይህ ትልቅ እውቀት ነው። ሆኖም የጓያ እንፋሎት የነካው፣ ማሳውንም ያቋረጠ ይሰበራል የሚለው ልክ አይደለም፤ የሚሰብረው መብላቱ ነው። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትና ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት አደጋውን ይቀንሰዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ የሕመሙ ምርጫ ነው። አእምሮው ንጹሕ ነው፤ ይቆጥራል፣ ይጫወታል፣ ይከራከራል። እጁም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። እግሩ ብቻ እምቢ ይላል። ለምን? የሥጋውን ካርታ ብታዩ መልስ የለም፤ የእግሩ ጡንቻ ሙሉ ነው። መልሱ የሽቦው ካርታ ላይ ነው። እግርን የሚያዝዘው ሽቦ ከአናታችን መሃል ይነሳል፤ ከማጅራት በላይ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፤ በአከርካሪ ውስጥ እስከ ወገብ ይወርዳል፤ እዚያ ሁለተኛ ነርቭ ተቀብሎ ወደ ጡንቻው ያደርሳል። የጓያው መርዝ በ1964 የታወቀ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ነርቮች ከሚለዋወጡት መልእክት አንዱን መስሎ እንደ ሐሰተኛ ደብዳቤ ይገባል። የሚጎዳው የላይኛውን ሽቦ ነው። የታችኛው ነርቭ አለ፤ ጡንቻውም አለ፤ ልጓም የሚይዘው ግን የለም። ልጓሙን የጣለ በቅሎ አይተኛም፤ ይደነብራል። እግሩም የማይልፈሰፈሰው፣ ይልቁንም የሚደርቀው ለዚህ ነው።

ፖሊዮ የመታውን እግር ደግሞ አስታውሱ፤ ቀጭን፣ ልፍስፍስ፣ የተንጠለጠለ። እዚያ የሞተው የታችኛው ነርቭ ነው። ሁለቱንም ሰው መንደሩ «ሽባ» ይላቸዋል። የነርቭ ሐኪም ግን ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ፣ የአንዱ እግር ሲዘል የሌላው ዝም ሲል አይቶ፣ መንገዱ የት ላይ እንደተቆረጠ ይነግራችኋል። ያለ ማሽን ማለቴ ነው። አገራችን የነርቭ ሐኪሞችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን መዶሻ የሚያናግሩ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ሽቦ ይበጠሳል ብቻ አይደለም፤ ይዘረጋልም። አያቴ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሽማግሌ ከሚባሉት ተርታ ነበሩ። ማታ በኩራዝ «ሀ ሁ» ሲሉ ልጆች እየሳቅንባቸው ተማሩ፤ የሳቅንበትን ይቅር ይበለን። ዘመቻው ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች በፊደል ነበር የተካሄደው። ስታኒስላስ ደሃን የሚባል ፈረንሳዊና ባልደረቦቹ በ2010 ማንበብ የማይችሉ፣ በልጅነት የተማሩና በጎልማሳነት የተማሩ የብራዚልና የፖርቱጋል ሰዎችን አንጎል አነጻጸሩ። ማንበብ የተማረ ሰው በግራ በኩል፣ ከጆሮ ጀርባ ወደ ውስጥ፣ ለፊደል የሚነቃ ቦታ አለው፤ በጎልማሳነት የተማሩትም አገኙት። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው ጥናት፣ የማየቱንና የቋንቋውን ሰፈር የሚያገናኘው የሽቦ ጥቅል ማንበብ በተማሩት ላይ መጽናቱን አሳዩ። ቦታው በቻይንኛም በዕብራይስጥም በላቲንም ሲፈተሽ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ኦሮምኛን በላቲኑ ቁቤ የምታነብ የዛሬ ልጅና ፊደል የቆጠሩ አያቴ ምንም በጽሕፈት ባይግባቡ ሰፈራቸው አንድ ነው ብዬ እገምታለሁ። አያቴ አንጎላቸውን በኩራዝ ብርሃን እንደገና ሽቦ ዘርግተውለታል፤ ማንም አልነገራቸውም።

ካርታው የማይነግረንን ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። የትሉ ካርታ ካለቀ ከ1986 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ያ ትል በሚቀጥለው ደቂቃ ወዴት እንደሚዞር ካርታውን ብቻ ይዞ የሚነግረን ሰው እስከ ዛሬ የለም። ምክንያቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የአምቦ መንገዶች በገበያ ቀንና በሌላው ቀን አንድ ናቸው፤ አንዲት መስመር አትጨመርም፤ ከተማው ግን ሌላ ከተማ ነው። ኢቭ ማርደር የምትባል ተመራማሪ የሸርጣንና የሎብስተር ሆድ የሚፈጭበትን 30 ያህል ነርቮች ዕድሜዋን ሙሉ ስታጠና ኖራለች። ያቺው ትንሽ መረብ አንድ ኬሚካል ሲፈስባት አንድ ዓይነት ምት፣ ሌላ ሲፈስባት ሌላ ምት ትመታለች። ካርታ የሚያሳየው መሄጃውን እንጂ ሂያጁን አይደለም። «አንጎል ኮምፒውተር ነው» ሲሉኝ የማልወደውም ለዚህ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ስለተራበ ፕሮግራሙ አይለወጥም።

የመጨረሻው ጉዳዬ የሚጥል ሕመም ነው። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። አንጎል ውስጥ ግን ድር ያለ ልክ ሲያብር ሰው ይጥላል። በደህናው ጊዜ ሕዋሳቱ ተራ በተራ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እያዳመጠ ነው የሚሠሩት። ሕመሙ ሲነሳ በአንድ ሰፈር ያሉት ሁሉ ባንድ ድምፅ ይጮሃሉ፤ ጩኸቱ ሽቦውን ተከትሎ ይዛመታል። ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኝ 200 ሚሊዮን ያህል ሽቦ ያለበት ድልድይ አለ። መድኃኒት እምቢ ባለ ከባድ ሕመም ሐኪሞች ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንን ድልድይ እየቆረጡ ጩኸቱ እንዳይሻገር ያደረጉበት ጊዜ አለ።

በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የእነ ፕሮፌሰር ረዳ የቡታጅራ አካባቢ ጥናት 60,820 ሰዎችን አዳርሶ 316 የሚጥል ሕመም ያለባቸው አግኝቷል፤ ከሺህ ሰው አምስት ገደማ ማለት ነው። በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ እንግዲህ አንድ ሰው ያውቃል።

እኔም አውቃለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለን አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጠመኔ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሁላችንም ሸሸን፤ አረፋው የነካው ይይዘዋል ተብለን ነበር። አንዱ ትልቅ ልጅ ክብሪት ጫረና ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። ልጁ ሲነቃ «ክብሪቱ አዳነው» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ክብሪት ይዘን መምጣት ጀመርን፤ እሱን የረዳን መስሎን። እውነቱን ለመናገር፣ የተነሳው ሕመም ክብሪት ተጫረ አልተጫረ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ደቂቃ በራሱ ያልፋል። ሕመሙም በትንፋሽ፣ በምራቅ፣ በንክኪ አይተላለፍም። ያኔ ማድረግ የነበረብን ራሱን የሚመታበትን ነገር ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተትና ሰዓት ማየት ብቻ ነበር። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ልጁ ከስንት ዓመት መንከራተት በኋላ ፌኖባርቢታል የሚባለውን ርካሽ ክኒን ጀመረ። ክኒኑ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ አንጎል ውስጥ «ተናገር» ከሚሉት መገናኛዎች ሌላ «ቆይ» የሚሉ አሉ፤ የእነዚያን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ሽቦ አይቆርጥም፤ አዲስም አይዘረጋም፤ ተራ ያስይዛል እንጂ።

ዛሬ ጉደር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ይህን ካፖርት የሰፋልኝ እሱ ነው። ባለፈው ሱቁ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ መብራት ጠፋና ሻማ ፈለግን። ክብሪት ስጭር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።